ሸራም ጣራ ነው

«አጎትሽ ያን ቀን ስልኩን ባይዘጋ ኖሮ ይሄ ሁሉ ጣጣ ባልመጣ ነበር።» ይህን ያሉት የልብስ ሰፊዋ እናት ናቸው። እሷ ወጥ ቤት ቆማ ድንች ስትልጥ፣ እሳቸው ከግድግዳው ወዲያ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው የልጇን ፀጉር ያበጥሩ ነበር። ልጅቷ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ቤተሰቡ ሚጡ ይላታል። ሚጡ የጠየቀችው ቀላል ነገር ነበር፤ ሰው ሁሉ በሩን ዘግቶ ማሞቂያ ታቅፎ በሚውልበት በዚህ ብርድ እኛ ብቻ ፋሲካን ግቢ ውስጥ የምንበላው ለምንድን ነው? አያቷም ነገሩን ከሥሩ ጀመሩላት። አያትሽ የሞተ ቀን ለአጎትሽ ተደወለ፣ ተደወለ፣ ስልኩ ዝግ ሆነ። ከዚያ መርዶውን ከባዳ ሰማና ተቆጣ፤ ተቆጥቶም ማለ። «ለምን ዘጋው?» አለች ሚጡ። «እንጃ ልጄ። ያኔ መጠጥ ነበረበት» አሉ አያቷ፤ ማበጠሪያውን ቋጠሮ ይዞት ስለነበር «ዝም በይ፣ አትወራጪ» ብለው ጨመሩ። ልብስ ሰፊዋ ቢላዋውን ድንቹ ላይ እንደሰካች ቀረች። ውሸቱ የእሷ ነበር። ሦስት ዓመት ከዘመድ ዘመድ ሲዞር ኖሮ ዛሬ ደግሞ ልጇ ዘንድ ደረሰ፤ ለዚያውም ያለ አንዳች ክፋት፣ ፀጉር እየተበጠረ።

አልደወለችም። እውነቱ ይኸው ነው፤ አጭር ነው፤ ለዚህም ነው ለመናገር ያስቸገረው። አባቷ ጠዋት ደረታቸውን ይዘው ወድቀው፣ እዚሁ ቤት፣ ከጀርባ ባለችው ክፍል ሲያጣጥሩ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ተሰብስቦ ነበር። እሷም ታላቅ ወንድሟ እየተንገዳገደ ገብቶ በሰው ፊት ሲያዋርዳቸው ታያት። ወንድሟ፣ አናጢው፣ መጠጥ ከተወ ስምንት ወሩ እንደሆነ ሰምታ ነበር፤ ግን ስምንት ወር አይደለም ስምንት ዓመት ቢተው ለእሷ ሁልጊዜ ከመሸታ ቤት እንደወጣ ነው። ትንሽ ይቆይ፣ እያለች ስልኩን አንስታ አስቀመጠችው። ሰውየው የአባቱን ሞት የሰማው ምስማር ሊገዛ ገብቶ ነው። ባለሱቁ ከባንኮኒው ወዲያ ዞሮ መጣና «እግዜር ያጥናህ» ብሎ አቀፈው፤ እሱም «ምነው? ለምኑ?» አለ። በማግሥቱ ከቀብር ሲመለሱ የግቢው በር ላይ ቆመና፣ ያን ሁሉ ሰው እየሰማው፣ «ሁለተኛ ከዚህ ቤት ጣራ ሥር ብገባ የአባቴ አጥንት እሾህ ሆኖ ይውጋኝ!» አለ። ጣራውን ደግሞ የመታው እሱ ራሱ ነው፤ እያንዳንዷን ማገር በእጁ ያውቃታል። እሷም ሰው ሁሉ ዓይኑን ሲያሳርፍባት ጊዜ «ስልክህ ዝግ ሆኖ'ኮ ነው!» አለች። አስባ አይደለም፤ ከአፏ አመለጣት። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነውና ከዚያ ወዲያ መልሶ የሚይዘው አልተገኘም። እሱ «ዝግ አልነበረም» ቢል ማን ይሰማዋል? የሰካራም ስልክ መዘጋቱን ለማመን ምስክር አያስፈልግም።

ከዚያ ወዲህ አናጢው እናቱን የሚያያቸው በግቢው በር ነው። እሱ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው የሚኖረው፤ የእሳቸው ጉልበት ደግሞ ለሁለት ደረጃም አይበቃም። እሑድ እሑድ ይመጣና ከበሩ ወዲያ ይቆማል፤ እሳቸው ወንበር ይወጣላቸዋል፤ ሩብ ሰዓት ያህል ያወሩና ብርዱ ሲያንቀጠቅጣቸው ይለያያሉ። ባለፈው ወር ሳንባ ምች ይዟቸው ከሐኪም ቤት ሲመለሱ ግን እናትየው ነገሩን ቆረጡት፤ «ሁላችሁንም በአንድ ገበታ ሳላይ ብሞት አልምራችሁም» አሉ። መላውን ያመጣው የመጨረሻው ልጅ፣ መምህሩ ነው። ሰዋስው ነው የሚያስተምረው፤ ቃል መሰንጠቅ ይወዳል። «ጣራ ሥር አልገባም አለ እንጂ ግቢ አልገባም አላለም!» ብሎ እንደ ትልቅ ግኝት ወደ ወንድሙ ሮጠ። አናጢውም ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀና «ሰማይ ሥር ከሆነ እመጣለሁ» አለ። በዚህ ምክንያት ነው እንግዲህ ጤነኛ የሚባል ቤተሰብ በፋሲካ ቀን የምግብ ጠረጴዛውን ተሸክሞ ወደ ውርጭ የወጣው።

ጠረጴዛው ደግሞ በበሩ አልወጣ አለ። ባሏ፣ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነው፣ በጎኑ አዙሮት፣ በእግሩ አዙሮት፣ መጨረሻ አንዱን እግር ሲፈታ «አውቶቡስ በዚህ በር ባወጣ ይቀለኝ ነበር» እያለ አጉረመረመ። የጎረቤት ሰውዬ በአጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ «ቤት ልትለቁ ነው እንዴ?» ሲለው «ንጹህ አየር ታዞልን ነው» አለው ሾፌሩ፤ ሚስቱን እያየ። እሷ ለመሳቅ ጊዜ አልነበራትም። ሣሩ ላይ ያደረው ውርጭ በአራት ሰዓት እንኳ አልለቀቀም፤ ወንበር ሲቀመጥበት እንደ ብስኩት ይንኮሻኮሻል። ሳምንቱን ሙሉ ማታ ማታ ከሥራ ስትመለስ ከተረፈ የመጋረጃ ጨርቅ የወንበር ትራስ ስትሰፋ ከርማለች። ለእናቷ ሁለት ብርድ ልብስ ገጥማ እጅጌ አውጥታ ካባ የመሰለ ነገር ሠርታላቸዋለች፤ እሳቸው ለብሰውት «የጳጳስ አስመሰልሽኝ» አሉ። ሾፌሩ ለሁለት የተቆረጠ በርሜል ከመናኸሪያው ጥበቃዎች ተውሶ እሳት አነደደበት፤ ጭሱ ነፋሱ በፈለገው በኩል እየዞረ ሁሉንም በየተራ አስለቀሰ። ሾርባው በድስቱ እንዳለ በፎጣ ተጠቀለለ። የተጠበሰው ዶሮ ምድጃ ውስጥ ሆኖ ጥሪ ይጠብቃል። እሷ ግን ገባች፣ ወጣች፣ ገባች። ማንኪያ ልታመጣ ገብታ ጨው ይዛ ትወጣለች፤ ጨው ለመመለስ ገብታ ሰማዩን በመስኮት ታያለች። ሰማዩ ያልታጠበ ድስት መስሏል። አንድ ነገር ብቻ ነበር የምትመኘው፤ እሱ ይምጣ፣ ይብላ፣ እናቷ ይዩት፣ እሷም ምንም ሳትናገር ቀኑ ይለፍ። ይህ ምኞት ፍትሐዊ እንዳልሆነ ከማንም በላይ ታውቀዋለች።

አናጢው ልክ በስድስት ሰዓት መጣ። ፂሙን ተላጭቶ፣ ኮቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ በእጁ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ይዞ። በሩን ሲያልፍ ለአፍታ ቀና ብሎ ወደ ጣራው አየ፤ ሰው የራሱን ሥራ እንደሚያይ፣ ጫፉ ተነሥቶ እንደሆነ። ከዚያ እናቱን አቅፎ ረጅም ጊዜ ቆየ። የጠቀለለው ለሚጡ የሠራው ትንሽ የእንጨት በርጩማ ነበር፤ ልጅቷ ወዲያው ቁጭ ብላ ልክ መሆኑን አረጋገጠችለት። ልብስ ሰፊዋ እጇን በሽርጧ ጠርጋ ቀረበችና «ጋሼ፣ እንኳን አደረሰህ» አለችው። «እንኳን አብሮ አደረሰን። እንደምን ሰነበቱ?» አላት። አንቱ ነው ያላት። በልጅነቷ ትከሻው ላይ አስቀምጦ ያሳደጋት፣ «አንቺ ውሪ» እያለ የሚጠራት ወንድሟ አንቱ አላት። ስድብ ቢሆን ትመልስ ነበር፤ ለአክብሮት ግን ምን መልስ አለው? «ደህና ነኝ» ብላ ወደ ሾርባዋ ሄደች።

ምሳው ያለ ክፉ ነገር ጀመረ። ትንፋሻቸው እየጨሰ ሾርባ ጠጡ፤ ዳቦው ከሳህን አፍ እስኪደርስ ይቀዘቅዛል፤ መምህሩ ጓንቱን ሳያወልቅ ዶሮ ሊበላ ሞክሮ ሁሉንም አሳቀ። አናጢው ስለ እንጨት መጥፋት፣ ሾፌሩ ስለተቀየረው መስመር አወሩ፤ ሁለቱም ለሌላው ወሬ ግድ አልነበራቸውም፤ ግን ወሬ ወሬ ነው፣ እንደ በርሜሉ እሳት ሰው እጁን ያሞቅበታል። እናትየው ትንሽ ነው የበሉት። ከልጅ ልጅ ወደ ልጅ እያዩ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ይቆጥሩ ይመስላል፤ አንድም አልጎደለ። ልብስ ሰፊዋ አንድ ቦታ ተረጋግታ መቀመጥ አቃታት። ሰው ውሃ ሳይጠይቅ ውሃ ትቀዳለች፤ ያልጎደለ ሳህን ትሞላለች። «ተቀመጪ እንጂ፣ ምን ያቅበዘብዝሻል» አሏት እናቷ፤ ተቀመጠችና ወዲያው ተነሣች። ወንድሟ አንድም ጊዜ በቀጥታ አላያትም። ጨው ሲፈልግ ለሚጡ ነው የሚነግራት።

ድንቹ ሳያልቅ ጠብታው ጀመረ። መጀመሪያ ዝናብ መሰለ፤ ጠረጴዛው ላይ ሲያርፍ ግን ነጭ ፍሬ ሆኖ ነጠረ። በረዶ የቀላቀለ ነበር። ሁሉም ቀና ሲሉ መምህሩ ወንበሩን ገፍቶ ተነሣና «ማንም እንዳይንቀሳቀስ! አስቤበታለሁ!» አለ። ከመኪናው ኋላ አራት ብረትና አንድ የተጠቀለለ ሰማያዊ ሸራ አወጣ፤ ትምህርት ቤቱ ለስፖርት ቀን የሚተክለው ነው። ከሾፌሩ ጋር ሆነው ባፋጣኝ ገጣጥመው፣ አራቱን ብረት አቁመው፣ ሸራውን በገበታው ላይ ወጠሩት። በረዶው ከላይ ሲንጫጫ ከሥር ደረቅ ሆነ። ሚጡ አጨበጨበች። መምህሩ ምስጋናውን ሊቀበል ዞር ሲል አናጢው ወንበሩ ላይ የለም። ሳህኑን ይዞ ተነሥቶ፣ ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ሄዶ፣ ከሸራው ጫፍ ወዲያ በረዶው ውስጥ ቆሞ ዶሮውን ይበላል።

«ጋሼ፣ ምን ሆነሃል? ሸራ ነው'ኮ» አለ መምህሩ።

«ከላይህ ሆኖ ዝናብ ከከለከለህ ጣራ ነው። ሠላሳ ዓመት የሠራሁት ሥራ ነው፤ እሱን እንኳ አታስተምረኝ።»

«የማልከው የዚህን ቤት ጣራ ነው። ይሄ የትምህርት ቤቱ ነው!»

«የተተከለው የማን ግቢ ነው?»

«ጃንጥላ ቢሆንስ?» አለ ሾፌሩ፤ ከልቡ ለማወቅ ፈልጎ።

አናጢው አጥንቱን እየጋጠ አሰበበት። «ጃንጥላ ከባለቤቱ ጋር ይሄዳል። እግር ያለው ነገር ጣራ አይባልም።» ጃንጥላ ፍለጋ ተሮጠ፤ የተገኘው አንድ ነው፤ እሱም ክንፉ ተሰብሮ እንደ ታመመ ወፍ ወደ አንድ ጎን ይወድቃል። መምህሩ ይስቅ ጀመረ፤ ሾፌሩም ተከተለው፤ አናጢው ራሱ ፊቱን ወደ አጥሩ አዞረ። ለትንሽ ጊዜ ነገሩ በሳቅ የሚያልፍ መሰለ። እናትየው ግን አልሳቁም። ሁለት እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ ተክለው፣ ያን ከባድ ካባ እየጎተቱ፣ ለመነሣት ይታገሉ ነበር። «እሱ ከሚርስ እኔም ልርጠብ» አሉ። ሳል አቋረጣቸው። ያ ሐኪሙ «ሁለተኛ እንዳይመለስ» ብሎ ያስጠነቀቀው ሳል ነው፤ ከደረት ሥር ተነሥቶ መላ ሰውነታቸውን የሚያናጋ። ልብስ ሰፊዋ ትከሻቸውን ይዛ «እማዬ በፈጠረሽ ቁጭ በይ» አለች። ገፏት። «አልቀመጥም! ምን አደረግኩ ብዬ ነው ልጄን ደጅ አቁሜ የምበላው? አንተም ብትሆን» አሉ ወደ አናጢው ዞረው፣ እንባና ሳል እየተናነቃቸው፣ «ያኔ ስልክህን ባትዘጋ ምን ነበረበት? አንድ ቀን እንኳ ጥፋቴ ነው ብትል ምን ነበረበት?»

በረዶው ብቻ ሸራውን ይቆላዋል። ልብስ ሰፊዋ ወንድሟ እንደ ወትሮው «አልዘጋሁም» እስኪል ጠበቀች፤ ሦስት ዓመት ያለው እሱን ነው፣ ማንም ባያምነውም። እሱ ግን የእናቱን ፊት አየ፤ ጠቁሯል፣ ከንፈራቸው ሰማያዊ ሆኗል። ሳህኑን በአንድ እጁ እንደያዘ ራሱን ነቀነቀ። «እሺ እማዬ» አለ። «ዘግቼው ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው። አሁን ተቀመጪልኝ።»

እናትየው ተቀመጡ። «ይኸው! ይቺን ለማለት ሦስት ዓመት!» አሉና እጃቸውን ዘረጉለት። መምህሩ እፎይ ብሎ ወንበሩን ሳበ። ሾፌሩ እሳቱ ላይ እንጨት ጨመረ። ልብስ ሰፊዋ የፈለገችው ሁሉ በአንድ ጊዜ ተሰጣት፤ እናቷ ረኩ፣ ጠቡ አበቃ፣ ከእንግዲህ ውሸቱ የሚታወቅበት መንገድ የለም፤ ባለቤቱ ራሱ ፈርሞበታል። ደስ ሊላት በተገባ ነበር። ሚጡ ግን በርጩማዋ ላይ ሆና አጎቷን በአዲስ ዓይን፣ ጥፋተኛ ሰው እንደምታይ አድርጋ ታየዋለች። ልብስ ሰፊዋ ይህን ስታይ እግሯ ራሱ ተነሣ። ከሸራው ሥር ወጣች፤ በረዶው አንገቷ ውስጥ ገባ።

«ዝግ አልነበረም» አለች። ድምፅዋ ከጠበቀችው በላይ ጮኸ። «እኔ ነኝ ያልደወልኩት። አንዴም አልደወልኩም። ጠጥቶ መጥቶ ያዋርደናል ብዬ ነው።»

እናቷ «ምን አለች?» ብለው መምህሩን ጠየቁት። ሾፌሩ እንጨቱን ይዞ እንደጎነበሰ ቀረ፤ አሥር ዓመት አብሯት የኖረ ሰው ነው፤ ለእሱም ነግራው አታውቅም።

አናጢው ሳህኑን አየ፤ ውስጡ የተጠራቀመውን በረዶ ወደ ሣሩ ደፋው። «አውቃለሁ» አለ። «የሥራ ጥሪ እጠብቅ ነበር። ያን ቀን ስልኩ ከእጄ አልተለየም።» ከዚያ ሦስት ዓመት ሙሉ የሚጠይቀው ሰው አጥቶ የኖረውን ጠየቃት። «አባዬ ጠየቀኝ?»

ይኼኔ ነው መዋሸት የነበረባት፣ ደግነት ከሆነ። አንድ ቃል ትበቃው ነበር፤ አልጠየቀህም፣ ነፍሱን አያውቅም ነበር፣ ብትለው ያምናት ነበር። ግን ውሸት ሰለቻት። «ጠይቆሃል» አለች።

«ምን አልሽው?»

«እየመጣ ነው አልኩት።»

«ስንት ሰዓት ጠበቀኝ?»

«ከጠዋቱ አራት ሰዓት ጀምሮ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው ያረፈው። በሩ ሲንኳኳ ሁሉ ቀና ይል ነበር።»

እንዲመታት ፈለገች። እንዲሰድባት፣ በሩን በርግዶ እንዲወጣ፣ ከዚህ ግቢም እንዳይደርስ እንዲምል ፈለገች፤ የትኛውንም ትችለው ነበር። እሱ ግን አልተቆጣም። ሳህኑን ለመምህሩ አቀበለው፤ እጁን በኮቱ ጠረገ። በሸራው ሥር፣ በገበታው አጠገብ፣ በእናቱ ኋላ አለፈ፤ ሲያልፍ እጁ ትከሻቸው ላይ አርፋ ተነሣች። ደረጃውን ወጣ። ደፉ ላይ ጫማውን ጠረገ፤ እንግዳ ሰው እንደሚያደርገው፣ በደንብ፣ ሁለቱንም እግር። ከዚያ ገባ። የኮሪደሩ ወለል አባታቸው እስካረፉባት የጀርባ ክፍል ድረስ ሲንቋቋ ተሰማ፤ የክፍሏ በርም ተዘጋ።

መምህሩ ሊከተለው ሲነሣ እናትየው እጁን ያዙት። «ተወው» አሉ። ልጃቸውን አላዩዋትም። በዚያ ካባ ውስጥ ተኮራምተው ጠረጴዛውን ብቻ ያዩ ነበር፤ ሳሉ እንኳ ተዋቸው። ሾፌሩ «ኧረ እናስገባቸው፣ ይበርዳቸዋል» አለ፤ ግን እሱም ወደ በሩ አልተንቀሳቀሰም። ቤቱ የእሷ ነው፤ ስሙም ቁልፉም። ከቤቱ ውስጥ አንዳች ድምፅ እስኪመጣ ጆሮዋን ሰጥታ፣ ከሸራው ወዲያ፣ ወንድሟ ቆሞበት በነበረው ቦታ ቆመች። ሾርባው ላይ ስብ ረጋ። በረዶው እየደቀቀ ወደ ዝናብ ተለወጠ። አምስት ደቂቃ ይሁን ግማሽ ሰዓት አልታወቃትም፤ አምስት ሰዓት ምን ያህል እንደሚረዝም ግን ዛሬ ነው የገባት።

ሚጡ በርጩማዋን ትታ መጣችና ሽርጧን ጎተተቻት። «እማ፣ አጎቴ አይመጣም እንዴ?»

እየመጣ ነው ልትላት አፏን ከፈተች። ቃሉ ከጥርሷ አላልፍ አለ።

«አላውቅም» አለቻት።